የጃዝ እንቆቅልሽና የመድረክ ካሴት ልውውጥ በደሴ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተሰባሰብን ጃዝ የምናዳምጥ፣ የሰማነውን ማን እንደተጫወተው የምንገምትና የመድረክ ቅጂ ካሴቶች የምንለዋወጥ ጥቂት ሰዎች ነን። ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የሚመጡም አሉ። አዲስ የሚቀላቀሉን ሰዎች የሚያነሧቸው ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሆኑ መልሶቹን እዚህ አሰባስቤአለሁ። መልሶቹ የእኔ ናቸው። በተለይ ስለ ካሴት ጥገና የጻፍኩትን የማይቀበሉ አባላት አሉ፤ እነሱም የራሳቸውን ይጻፉ።

ጨዋታው እንዴት ነው የሚካሄደው?

ባለተራው አንድ ቅጂ ይዞ ይመጣል። የካሴቱን ሽፋን ኪሱ ከትቶ «እንቆቅልሽ» ሲል ቤቱ «ምን አውቅልህ» ይልና ቴፑ ይከፈታል። መጀመሪያ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው። ሙዚቃው ሲደገም እያንዳንዱ ሰው በወረቀት ላይ ይጽፋል፦ መሪው መሣሪያ ምንድን ነው፣ የሚጫወተው ማን ነው፣ ዘመኑ በግምት መቼ ነው፣ ስቱዲዮ ነው ወይስ መድረክ። ከዚያ መናገር የሚጀምረው በዕድሜ ትንሹ ነው። ይህ ደንብ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ጋሼ ቀድመው ከተናገሩ ሌላው ሁሉ የራሱን ሰርዞ የእሳቸውን ይደግማል።

ስም መጥራት ብቻውን አያስመሰግንም። «ከምን ተነሥተህ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። «ድምፁ ቀጭን ነው፤ አያንቀጠቅጠውም፤ ሐረጉንም ከምቱ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የሚጀምረው» ያለ ሰው ስሙን ቢስት እንኳ፣ በአጋጣሚ ስሙን ካገኘው ሰው ይበልጥ ይከበራል። ማንም ካላወቀው ባለተራው «አገር ስጡኝ» ይላል። እንሰጠዋለን፤ እሱም አገሩ ገብቶ እንደ ልጅነታችን ይፎክርብናል። ባቲንና አምባሰልን መስጠት ግን ክልክል ነው፤ ቅኝት በዕዳ አይሰጥም። የደሴ ሰዎች ሁልጊዜ ኮምቦልቻን፣ የኮምቦልቻ ሰዎች ሁልጊዜ ደሴን ነው የሚሰጡት።

የተሳሳተ ሰው ላይ የሚስቅ የለም። «አብሽር» ይባልና ቡናው ይቀጥላል።

ስልኬ ዘፈኑን ይለይልኛል። ታዲያ መገመት ለምን ያስፈልጋል?

እንደ ሻዛም ያሉ ፕሮግራሞች የሚለዩት ቀደም ብሎ የተመዘገበላቸውን ያንኑ ቅጂ ነው። ያው ተጫዋች ያንኑ ዜማ በሌላ ምሽት፣ በሌላ አዳራሽ ከተጫወተው ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። እኛ ከምንለዋወጠው አብዛኛው ደግሞ እንዲህ ያለው ነው። ለማንኛውም ጨዋታው እስኪያልቅ ስልክ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ ተደፍቶ ይቀመጣል።

ጨዋታውን የፈጠራችሁት እናንተ ናችሁ?

«አገር ስጡኝ»ን ከአባቶቻችን ወሰድን እንጂ ሐሳቡ የቆየ ነው። ሊዮናርድ ፌዘር የተባለው የጃዝ ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1946 ሜትሮኖም በተባለ መጽሔት ላይ ጀመረው፤ በኋላም ወደ ዳውን ቢት መጽሔት ይዞት ሄደ። እሱ የሚፈትነው ሙዚቀኞቹን ራሳቸውን ነበር፤ የማን እንደሆነ ሳይነግራቸው ሸክላ ያስደምጣቸዋል፤ እነሱም የመሰላቸውን ይናገራሉ።

ከእነዚህ ፈተናዎች ውስጥ እኔ ለአዲስ ሰው ሁሉ የምነግረው የሮይ ኤልድሪጅን ነው። ታላቁ የትራምፔት ተጫዋች ጥቁሩን ሙዚቀኛ ከነጩ በጆሮዬ ብቻ እለያለሁ ብሎ ከፌዘር ጋር ተወራረደ። ሸክላዎቹ ተጫወቱ፤ ኤልድሪጅ ተሸነፈ፤ መሸነፉንም ተቀበለ። ያን ያህል የሠለጠነ ጆሮ ያለው ሰው ሳይሰማ በፊት የያዘው እምነት እንዴት እንዳሳተው ማሰብ ጥሩ ነው። እኛም ዘንድ የካሴቱን ሽፋን ኪስ ውስጥ የምንከተው ለዚሁ ነው።

ጃዝ አላውቅም፤ የማውቀው ትዝታና አምባሰል ብቻ ነው። ብመጣ አላፍርም?

ይምጡ እንጂ። እንዲያውም ከብዙ የውጭ አገር አድማጭ ቀድመው ነው የሚጀምሩት። ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የተሰየሙት በወሎ ቦታዎች ነው። ሰርግ ላይ ሲሰሙ ያደጉት ጆሮ ሳያውቀው ሠልጥኗል።

ነገሩን በድምፅ ላስረዳ። አምባሰልን ከዶ ብንጀምረው፦ ዶ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ ነው። አሁን እነዚህኑ አምስት ድምፆች ከፋ ጀምረው፣ ማረፊያዎንም ፋ አድርገው ያንጎራጉሯቸው። አነስተኛው ትዝታ ሆነ። አንዲት ድምፅ አልተጨመረም፣ አንዲት አልተቀነሰም፤ የተለወጠው ዜማው «ቤቴ» ብሎ የሚመለስበት ቦታ ብቻ ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ ከአምባሰል የሚለየው ሶሉ በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ላው ከፍ በማለቱ ነው፤ በጽሑፍ ሲታይ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ጆሮ ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው።

ጃዝ ማዳመጥም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ዜማው ቤቱ የት እንደሆነ መፈለግ። ተጫዋቹ ከቤቱ ርቆ ሲዞር፣ ሊገባ ሲል ሲመለስ፣ በመጨረሻም ሲያርፍ ከተከተሉት ጃዝ እያዳመጡ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ያደረገውም አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን በእንግሊዝ አገርና በቦስተኑ በርክሊ ከተማረው አሥራ ሁለት ድምፅ ካለው የጃዝ ስምምነት ጋር ማጋባት ነበር። ዜማው ከአምስቱ ሳይወጣ ከሥሩ ያለው ስምምነት (አብረው የሚሰሙት ድምፆች ቅንብር) ሲሰፋ የሚሰማዎት እንግዳ ስሜት ከዚያ የመጣ ነው። ጆሮዎን እዚያ ላይ ከከፈቱት ወደ ሳክስፎን ተጫዋቹ ኮልትሬንና ወደ ፒያኖ ተጫዋቹ መንክ የሚወስደው መንገድ ሩቅ አይደለም።

ለመገመት ጆሮዬን ምን ላይ ላሳርፍ?

ከዜማው አይጀምሩ። ዜማ ያታልላል፤ አንዱን ዜማ መቶ ሰው ይጫወተዋል። ከድምፁ ጠባይ ይጀምሩ። ኮልማን ሆውኪንስ ቴነር ሳክስፎንን ሲነፋ ድምፁ ወፍራም ነው፤ መጨረሻው ላይም ያንቀጠቅጠዋል። ሌስተር ያንግ በዚያው መሣሪያ ላይ ቀለል፣ ለስለስ ብሎ ይመጣል። ማይልስ ዴቪስ የትራምፔቱ አፍ ላይ ብረት ማፈኛ ገጥሞ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግቶ ሲጫወት ጆሮ ውስጥ የሚያንሾካሹክ ይመስላል። መንክ ፒያኖ ላይ ሌላው ሰው የሚያልፋቸውን ሁለት የተጎራበቱ ቁልፎች አብሮ ይመታና ዝም ይላል፤ ዝምታው ራሱ መለያው ነው። ከፒያኖው በስተጀርባ የሚያጉረመርም፣ የሚያቃስት የሰው ድምፅ ከሰሙ ኪት ጃሬትን ያስቡ፤ ኤሮል ጋርነርም እንዲሁ ያጉረመርማል፤ የሁለቱ አጨዋወት ግን አይገናኝም።

ከዚያ ወደ ድራሙ ይሂዱ። ሁሉም ሰው መሪውን ስለሚያሳድድ ድራመሩን የሚሰማው ጥቂት ነው፤ እኛ ዘንድ የሚያሸንፉት ግን እነዚያው ናቸው። የኮልትሬን ድራመር የነበረውን ኤልቪን ጆንስን የለየ ሰው ሳክስፎኑ የኮልትሬን ሊሆን እንደሚችል ለመጠርጠር ጊዜ አይፈጅበትም።

የአገራችንም መለያዎች አሉ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን ከጀግና አፍ ወስዶ ሳክስፎን ውስጥ ያስገባ ሰው ነው፤ ድምፁን የሚያንቀጠቅጥበት መንገድ የተለየ ነው። አንድ ጊዜ የሰማው ሰው ሊረሳው አይችልም፤ ያልሰማው ግን አሜሪካዊው ሳክስፎን ተጫዋች «አልበርት አይለር» ነው ብሎ ይምላል። ጌታቸው ጮክ ካለ የኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ከሆነ ደግሞ ቅጂው የ1960ዎቹ አይደለም፤ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተጫወተው ነው። ይህ እንቆቅልሽ ብዙ አገር አሰጥቷል።

ቀጥሎ ክፍሉ ነው። ጭብጨባው ከጥቂት እጅ ነው ወይስ ከአዳራሽ? ብርጭቆ ይጋጫል? እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 1961 ቢል ኤቫንስ ኒው ዮርክ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ በተቀረጸበት ቀን የሰው ወሬና የብርጭቆ ድምፅ ከፒያኖው ጋር አብሮ ይሰማል፤ ለእኔ ያ ጫጫታ የሙዚቃው አካል ሆኗል። አስተዋዋቂ ካለ ደግሞ በረከት ነው። በዝግታ፣ ቃል በቃል የሚናገር ወፍራም የእንግሊዝኛ ድምፅ ከሰሙና ዜማው የዱክ ኤሊንግተን ባንድ መለያ የሆነው «ቴክ ዘ ኤ ትሬን» ከሆነ ካሴቱ የተቀዳው ከአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ነው፤ ሰውየው እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የጃዝ ዝግጅቱን የመራው ዊሊስ ኮኖቨር ነው።

የመጨረሻዋ ለትዕግሥተኞች ናት። ብዙ ካሴት ከሥሩ «ምምም» የሚል የኤሌክትሪክ ድምፅ አለው። የእኛ አገርና የአውሮፓ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ፣ የአሜሪካው 60 ጊዜ ይመላለሳል። የድምፅ ድግግሞሽ የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ስልክዎ ላይ ጭነው ቢመለከቱ 50 እና 100 ላይ ወይም 60 እና 120 ላይ ከፍ ያለ መስመር ያያሉ። ሁለቱም ካሉ አሜሪካ የተቀረጸ ነገር እኛ አገር ተገልብጧል ማለት ሊሆን ይችላል። ከሐሙስ ገበያ የተገዛች «አዲስ አበባ» የሚል ጽሑፍ ያለባት ካሴት 60 ላይ ብቻ ስታጉረመርም ካገኟት ጽሑፉን በጥርጣሬ ይመልከቱት።

የስቱዲዮው ሥራ በጥራት እያለ የመድረክ ቅጂ ለምን ታሳድዳላችሁ?

ጃዝ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ስለማይሆን። ስቱዲዮ ውስጥ ሦስት ደቂቃ የነበረው መድረክ ላይ ሃያ ደቂቃ ይሆናል፤ ተጫዋቹም የማያደርገውን ያደርጋል።

በዚህ ጉዳይ የሁላችንም አያት ዲን ቤኔዴቲ ነው። ራሱም ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 እና በ1948 ታላቁ የሳክስፎን ተጫዋች ቻርሊ ፓርከር የሚጫወትባቸው ክበቦች መቅረጫውን ተሸክሞ እየገባ የፓርከርን ሶሎ ብቻ ይቀርጽ ነበር፤ ሌሎቹ ሲጀምሩ ያጠፋዋል። ሕዝብ የሰማው ሁለቱም ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የፓርከር አፍቃሪ ሁሉ ሲያመሰግነው እኔ ግን የቀሩትን ሙዚቀኞች ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ። ስለዚህ ከእኛ ዘንድ ደንብ አለ፦ ሲቀርጹ አያቋርጡ። አስተዋዋቂው፣ የመሣሪያ ማስተካከሉ፣ ጭብጨባው ሁሉ ይግባ።

ሌላው የመንክና የኮልትሬን ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1957 ካርኔጊ አዳራሽ አብረው የተጫወቱበት ቴፕ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ኖሮ የተገኘው በ2005 ነበር። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ግልጽ ስላልነበረ ለሃምሳ ዓመት ገደማ ማንም አላየውም። እነሆ የጽሑፍ ነገር።

መብራት የጠፋበትን ካሴት ይጥላሉ ወይ ብለው የሚጠይቁም አሉ። አንጥልም። ከላይ ባነሣሁት የቢል ኤቫንስ ቀረጻ የመጀመሪያው ሙዚቃ መሐል ላይ ኃይል ተቋርጦ ቴፑ ይዘላል፤ ሙሉው ስብስብ ሲታተም እንደተቋረጠ አወጡት። ኒው ዮርክም መብራት ይጠፋል።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመድረክ ቅጂስ ይገኛል?

ይገኛል፤ ከውጭው ግን ያነሰ ነው። ሸክላ በነበረበት ዘመን አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውም ሆኑ የሌሎቹ ሥራዎች አብዛኞቹ የስቱዲዮ ናቸው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር ሆቴል ውስጥ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም አብሮት ያነጋል። ዋልያስ ባንድ በሒልተን ያነጋባቸውን ሌሊቶች ማን ምን ያህል እንደቀረጸ እግዜር ይወቀው፤ ብቅ ያለች ሁሉ ዕንቁ ናት።

ከዚህ ከራሳችን የምንፈልገው የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን መድረኮችን ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ከመድረክ ስትለቀው የተቀረጸ፣ ከአዳራሽ ድምፅ ማጉያ ፊት ቴፕ ተይዞ የተቀዳ ካሴት በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። ይህ ጃዝ አይደለም የሚል አባል አለን። ድምፁን በቦታው እየፈጠረ፣ እንደ ሰሚው እየጨመረና እየቀነሰ የሚሄድ ዘፋኝ ከጃዝ ሶሎ በምን ይለያል ብዬ ጠይቄው እስካሁን አልመለሰልኝም።

ካሴት አሮጌ ነው ብሎ ለሚጥል ሰው የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረውን የኃይሉ መርጊያን ታሪክ እነግረዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣት ካሴት ተረስታ ነበር፤ እሱም ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ካሴቷን አገኘ፤ በ2013 እንደገና ታተመች፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ከባሕር ዳር የተገኘ ከደሴ የማይገኝበት ምክንያት የለም።

የልውውጡ ደንብ ምንድን ነው?

ሽያጭ የለም። ካሴት በካሴት፣ ወይም በባዶ ካሴት ነው። አዲስ ሰው የሚሰጠው ከሌለው የመጀመሪያዋን በነጻ ይወስዳል። ዋናው ቅጂ ከባለቤቱ ቤት አይወጣም፤ የሚዞረው ግልባጩ ነው። ግልባጭ ከግልባጭ ሲቀዳ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ እየጨመረ፣ የጸናጽሉ ድምፅ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ስንተኛ ግልባጭ እንደሆነ መጻፍ ግዴታ ነው።

ጽሑፉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከምንም ነገር በላይ የምጨቃጨቀው በዚህ ነው። እያንዳንዱ ካሴት ማን፣ የት፣ መቼ፣ ከማን የተገለበጠ የሚለውን ይይዛል። በእርግጥ የታወቀው በቀለም ይጻፋል። የተገመተው በእርሳስ ይጻፋል። «ዋልያስ፣ ሒልተን» በቀለም፣ «1971 ዓ.ም.?» በእርሳስ። ቀላል ይመስላል፤ ግን የሚገለብጠው ሰው እርሳሱን በቀለም ይጽፈዋል፤ ቀጣዩ ደግሞ የጥያቄ ምልክቱን ይተወዋል፤ በሦስተኛው ግልባጭ ግምቱ ታሪክ ሆኖ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው? እንቆቅልሽ ላይ የፈለጉትን ይገምቱ፤ ጽሑፍ ላይ ግን ግምት ግምት መባል አለበት።

ዓመት ሲጻፍ ደግሞ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መባል አለበት። ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ የተጫወተው እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ ነው፤ በእኛ 1966 ዓ.ም.። «ኤሊንግተን 1966» የሚል ካሴት ይዞ የመጣ ሰው አዲስ አበባን ይሁን ከሰባት ዓመት በፊት አውሮፓ የተደረገን ኮንሰርት ይሁን የያዘው ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። የአዲስ አበባውን ያመጡ እንደሆነ ደግሞ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።

ሕጉስ?

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውም፣ ለተጫዋቹም፣ ለአሳታሚውም መብት ይሰጣል፤ የተጫዋቹ መብት ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ለግል ማዳመጫ የሚደረግን ቅጂና ለንግድ የሚደረግን ቅጂ ሕጉ በአንድ ዓይን አያይም። እኛ የያዝነው መስመር ግን ከሕጉም ጠበብ ይላል፦ በገበያ ላይ ያለ ሥራ አይገለበጥም፤ ይገዛል። ሙዚቀኛው ወይም ቤተሰቡ አታዙሩት ካሉ አይዞርም። የሙዚቀኛ ቤተሰብ ቅጂ ከጠየቀ በነጻ ይሰጣል፤ ዋናውም ቢሆን።

የሰርግና የመንዙማ ካሴትስ ትቀበላላችሁ?

መንዙማ የወሎ ሀብት ነው፤ ካሴቱም ብዙ ነው። ሆኖም ሐድራ (የጸሎትና የመንዙማ ስብሰባ) ላይ የተባለ ነገር ለእንቆቅልሽ አይቀርብም። ለማቆየት ከሆነ ብቻ፣ ያውም በባለቤቱ ፈቃድ እንቀዳለን። የሰርግ ካሴት ላይ ደግሞ የሰው ቤት ወሬ አለ፤ ባለ ሰርጎቹ ፈቅደው ከሆነ እሰየው።

ካሴቴ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ ይጫወታል። ትክክለኛውን ፍጥነት እንዴት አውቃለሁ?

ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። የሚያዞረው ቀበቶ ያረጀበት ቴፕ ግን ይህን አያከብርም፤ 6 በመቶ ያህል ከፈጠነ ሙዚቃው በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ አምባሰልዎ አምባሰል ሆኖ ይቀራል፤ ዘፋኟ ግን ልጅ ትሆናለች። ክራርና ማሲንቆ ለመመዘኛ አይሆኑም፤ እንደ ዘፋኙ ጉሮሮ ይቃኛሉና። ኦርጋን፣ ፒያኖ ወይም ቫይብራፎን ከተሰማ ግን በእሱ ያስተካክሉ።

ስሕተቱ የድሃ ቴፕ ብቻ አይደለም። «ካይንድ ኦቭ ብሉ» የተባለው የማይልስ ዴቪስ ሥራ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1959 በተቀረጸበት ክፍል ውስጥ አንደኛው መቅረጫ በዝግታ ይሄድ ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙዚቃዎች ሸክላው ላይ ከትክክለኛው ከፍ ብለው ወጡ። ዓለም ሁሉ ለሠላሳ ዓመታት እንደዚያው ሰማቸው፤ የተስተካከሉት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከሸክላው ጋር ፒያኖ ተቀምጠው ሊያጠኑ የሞከሩ ሰዎች ምን ያህል እንደተቸገሩ መገመት አያዳግትም።

ካሴቱ ሻግቷል፣ ተበጥሷል፣ ድምፁ ታፍኗል። ምን ላድርግ?

የደሴ ክረምትና ጭጋግ ለካሴት ጠላት ናቸው። በመስኮቱ ሲያዩት የክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ ካለ ቴፕ ውስጥ አያስገቡት፤ ሻጋታው ሄዱ (ክሩን የሚያነበው የቴፑ ክፍል) ላይ ይቀርና ወደ ሌላው ካሴት ይዛመታል። ከሌሎቹ ለይተው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡትና ያምጡልን።

የተበጠሰ ክር በተራ ስኮች አይጣበቅም፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ይወጣና ከላይ ያለውን ዙር ይይዛል። ለዚሁ የተሠራ ማጣበቂያ አለ። ሁለቱ ጫፎች ሰያፍ ተቆርጠው ይገጥማሉ፤ ማጣበቂያው ሄዱን በማይነካው ጀርባው በኩል ይደረጋል። ቀፎው በአምስት ትንንሽ ብሎኖች የታሰረ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ የተጣበቀ ከሆነ ክሩን ወደ ሌላ ቀፎ ማዛወር ነው።

የታፈነ ድምፅ ሁልጊዜ የክሩ በሽታ አይደለም። ካሴቱን ገልብጠው አፉ መሐል ላይ ይመልከቱ፤ ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋ ጥፍር የምታህል ጨርቅ አለች። እሷ ወልቃ ከሆነ ድምፁ ይርቃል። እሷ ካለች ሄዱን ከመድኃኒት ቤት በተገዛ አልኮልና በጥጥ ይጥረጉ። አረቄ አይሆንም፤ ሞክረው የመጡ አሉ። ያም ካልሠራ ከሄዱ ጎን ያለችውን ብሎን በጣም በትንሹ እያዞሩ ጸናጽሉ ጥርት የሚልበትን ቦታ ይፈልጉ። ይህን የሚቃወሙ አባላት እንዳሉን ከላይ ተናግሬአለሁ፤ ብሎኗን ከመንካትዎ በፊት የነበረችበትን ምልክት ያድርጉበት።

ለአዲስ ቀረጻ ባለ 60 ወይም ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ይግዙ። ባለ 120 ደቂቃው ክሩ ስስ ነው፤ ቴፕ ይበላዋል።

ወደ ኮምፒውተር ብገለብጠውስ?

መልካም። ነገር ግን መጀመሪያ ሳይጨመቅ ያስቀምጡት፤ 90 ደቂቃ ካሴት በሲዲ ጥራት 950 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ኤምፒ3 ለማዳመጥ እንጂ ለማቆየት አይደለም። «ሽሽሽ»ውን በፕሮግራም አጥፍቶ ዋናውን ፋይል መሰረዝ በእኔ ዘንድ ወንጀል ነው፤ ጸናጽሉን አብሮ ይወስደዋል። የሽፋኑን የፊትና የኋላ ፎቶ ከፋይሉ ጋር ያስቀምጡ።

መቅረጫ የለኝም። ያለኝ የአባቴ የካሴት ካርቶን ብቻ ነው።

ካርቶኑን እንዳለ ያምጡ። አይለዩት፣ አይወልውሉት፤ ጽሑፍ የሌለውንም አይጣሉት። ሽፋንና ካሴት ቢዘበራረቁም እንዳሉ ይተዉአቸው፤ ሰው ካሴትን የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ወደ አጠገቡ ሽፋን ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ይረዳናል። አባትዎ በሕይወት ካሉ አብረዋቸው ይምጡ፤ ካልቻሉ ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያሳዩ የሚያስታውሱትን ይጻፉላቸው። ከባቲ ወይም ከከሚሴ በአውቶቡስ የሚልኩ ከሆነ ረዳቱ ካርቶኑን ከሞተሩና ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት ራቅ አድርጎ እንዲያስቀምጠው ይንገሩት።